ለአሮጌ ኤሲ አዲስ ጋዝ፦ ከአር-12 ወደ አር-134ኤ የተደረገው ሽግግር ታሪክ

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1996 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በበለጸጉት አገሮች አር-12 የሚባለውን ማቀዝቀዣ ጋዝ፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር፣ ማምረት ቆመ። ሕጉ ያቆመው ግን ምርቱን ነው። ጋዙን ይዘው መንገድ ላይ የሚሄዱትን መኪኖች ማንም አላቆማቸውም። በአሜሪካ ብቻ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ኤሲያቸው የሚሠራው በአር-12 ነበር። የመኪና ኤሲ ደግሞ ማፍሰሱ አይቀርም። ታዲያ ጋዙ ሲያልቅ ምን ይሞላበት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። “ያኛው ካለቀ ሌላ ሙላበት” ነው ነገሩ፤ ጋዝ ጋዝ ነውና። እንደዚያ ግን አልሆነም። አንዱን ጋዝ በሌላ ለመተካት ሲሞከር ዘይቱ፣ የጎማ ቱቦው፣ ኦሪንጉ፣ እርጥበት መጣጩ ከረጢት፣ ኮንደንሰሩ፣ የመሙያው አፍ ሳይቀር ጥያቄ ውስጥ ገባ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ አር-12 ራሱ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ምክንያቱም እሱም በጊዜው የመጣው እንደ ተተኪ ነው።

በ1920ዎቹ የቤት ፍሪጆች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም በሜቲል ክሎራይድ ነበር። ሦስቱም በደንብ ያቀዘቅዛሉ፤ ሦስቱም ሰው ይገድላሉ። አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቢያንስ ሽታቸው ያስጠነቅቃል። ሜቲል ክሎራይድ ግን ሽታው ደካማ ስለሆነ ሰው ተኝቶ ሳለ ቤቱን ሊሞላው ይችላል። በ1929 በቺካጎ ከቤት ፍሪጅ በወጣ ሜቲል ክሎራይድ ሰዎች ሞተው ነበር። በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ በፍሪጅ ጋዝ ማለቁን በጋዜጣ ያነበበው አልበርት አይንስታይንም ከወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለውና ስለዚህም የማያፈስ ፍሪጅ ለመንደፍ ተነሥቷል። በ1930 የአሜሪካ ፓተንት አገኙበት። ፍሪጁ ግን ገበያ ላይ አልዋለም፤ የዋለው የሌላ ሰው ሐሳብ ነው።

ያ ሰው ቶማስ ሚጅሊ ይባላል። በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው፤ ቤንዚን ላይ እርሳስ መጨመርንም ያመጣው እሱ ነው። የፍሪጂዴር ኩባንያ የማይመርዝና የማይቀጣጠል ጋዝ ፈልግልን ሲለው በ1928 ከአልበርት ሄንና ከሮበርት ማክነሪ ጋር ሆኖ አንድ ካርቦን፣ ሁለት ክሎሪንና ሁለት ፍሎሪን ያሉበትን ሞለኪውል መረጠ። በኋላ “ፍሪዮን-12” ወይም አር-12 የተባለው ይኸው ነው። በኤፕሪል 1930 አትላንታ ላይ በአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ስብሰባ ፊት ሚጅሊ ጋዙን በአፉ ስቦ ሻማ ላይ ተነፈሰ። ሻማው ጠፋ፤ እሱም አልተመረዘም። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር አሳየ ማለት ነው፦ አይመርዝም፣ አይቀጣጠልም። (እንዲህ ያለውን ማሳያ ዛሬ ማንም የላቦራቶሪ ደኅንነት ኃላፊ አይፈቅድም።)

በ1939 መጨረሻ ፓካርድ የተባለው የመኪና አምራች በፋብሪካ የተገጠመ ኤሲ ያለውን መኪና ለሕዝብ አሳየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተስፋፋ፤ በ1970ዎቹ ኤሲ በአሜሪካ መኪና ላይ የተለመደ ዕቃ ሆነ። እዚህ ላይ የመኪና ኤሲ ከቤት ፍሪጅ የሚለይበትን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍሪጅ ውስጥ ሞተሩና ኮምፕሬሰሩ በአንድ የታሸገ ብረት ውስጥ ተበይደው ስለሚቀመጡ ጋዙ ለብዙ ዓመት አይወጣም። የመኪናው ኮምፕሬሰር ግን የሚዞረው በሞተሩ ቺንጋ ነው። ስለዚህ የሚዞር ዘንግ በማሸጊያ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሞተሩም ስለሚንቀጠቀጥ ቱቦዎቹ ጎማ መሆን አለባቸው። ዘንጉም ያፈሳል፣ ጎማውም ያሳልፋል። ጋዙ ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህ ማንንም አላሳሰበም። በጋ ሲመጣ ባለመኪናው ከሱቅ ትንሽ ቆርቆሮ ገዝቶ ራሱ ይሞላል። መካኒኩም ኤሲ ሲጠግን መጀመሪያ የሚያደርገው ቱቦውን ፈትቶ ያለውን ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ነበር።

ያ የተለቀቀው ጋዝ የት እንደሚሄድ የጠየቁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የነበሩት ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ናቸው። በጁን 1974 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት መልስ እንዲህ ነበር፦ ሞለኪውሉ ከምንም ጋር ስለማይዋሐድ ታችኛው አየር ውስጥ የሚያፈርሰው ነገር የለም። ቀስ እያለ ወደ ላይኛው አየር ይወጣል። እዚያ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰብረውና ክሎሪኑን ይለቀዋል። አንድ የክሎሪን አተም ደግሞ ራሱ ሳያልቅ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊያፈርስ ይችላል። ሚጅሊን ያስደሰተው የጋዙ ጸጥተኛነት ነው እንግዲህ ጉዳቱን ያመጣው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። በ1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ከአንታርክቲካው የሃሊ ጣቢያ በተገኘ ልኬት የኦዞን መሳሳቱን አሳዩ። በሴፕቴምበር 16 ቀን 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። በማርች 1988 የዓለም ትልቁ የፍሪዮን አምራች ዱፖንት ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሞሊናና ሮውላንድ፣ ከፖል ክሩትዘን ጋር፣ በ1995 ኖቤል ተሸለሙ። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ቀነ ገደቡ ወደዚህ እየቀረበ መጣ፤ መጀመሪያ ምርቱን በግማሽ መቀነስ ብቻ የነበረው ግዴታ በ1990 ለንደን ላይ ጨርሶ ማቆም ሆነ፤ በ1992 ኮፐንሃገን ላይ ደግሞ ቀነ ገደቡ ወደ 1996 ቀረበ።

አሁን ወደ ጋራዡ እንመለስ። ለመኪና የተመረጠው ተተኪ አር-134ኤ ነው። ሁለት ካርቦን፣ አራት ፍሎሪንና ሁለት ሃይድሮጅን አለው። ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይነካም። ሃይድሮጅን ስላለው ደግሞ ታችኛው አየር ውስጥ ያለው ሃይድሮክሲል የሚባለው ቅንጣት ሊያጠቃው ይችላል። ስለዚህ አር-12 አየር ላይ መቶ ዓመት ገደማ ሲቆይ አር-134ኤ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ይቆያል። የሚፈላበት ሙቀትም ቅርብ ነው፦ አር-12 ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ፣ አር-134ኤ ከዜሮ በታች 26። ለዚህ ነው የተመረጠው፤ በወረቀት ላይ ወንድማማች ይመስላሉ።

ልዩነታቸው የወጣው በዘይቱ ነው። ብዙ ሰው ኤሲ ውስጥ ጋዝ ብቻ ያለ ይመስለዋል። በውስጡ ግን ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልስ ዘይት አለ፤ ዘይቱም አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ከጋዙ ጋር ሲስተሙን እየዞረ ይመለሳል። አር-12 ከተለመደው የማዕድን ዘይት ጋር በደንብ ስለሚዋሐድ ዘይቱን ይዞት ሄዶ ይዞት ይመጣል። አር-134ኤ ግን ከማዕድን ዘይት ጋር አይዋሐድም። አሮጌው ዘይት እንዳለ አዲሱን ጋዝ ብትሞሉበት፣ ዘይቱ ተሸክሞት የሚመለስ አጥቶ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ይተኛል። ኮምፕሬሰሩ ደረቁን ይዞራል፤ ብዙም ሳይቆይ ብረት ብረትን ይበላል። በዚያ ላይ አር-12 የነበረው ክሎሪን ራሱ ብረቱ ላይ ስስ መከላከያ እየሠራ መፋተግን ይቀንስ ነበር። ኦዞንን የሚያፈርሰው አተም ለኮምፕሬሰሩ ባለውለታ ነበር ማለት ነው። ይህ ውለታው የታወቀው ከሄደ በኋላ ነው፤ የብዙ ባለውለታ ዕጣ እንዲያ ነው።

ስለዚህ አዲስ ዘይት ተፈለገ። የመኪና ፋብሪካዎች ለአዲስ መኪኖቻቸው ፓግ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ዘይት መረጡ። አሮጌ መኪና ላይ ግን ፓግ የራሱን ችግር አመጣ፤ ሲስተሙ ውስጥ ከቀሩ የክሎሪን ውሕዶች ጋር ሲገናኝ ሊበላሽ ይችላል፣ እርጥበትም ክፉኛ ይስባል። ብዙ ጠጋኞች ስለዚህ ኤስተር ወደተባለው ሌላ ሰው ሠራሽ ዘይት ሄዱ፤ እሱ የቀረ የማዕድን ዘይትን ይታገሣል። እርጥበት መጣጩ ከረጢትም መለወጥ ነበረበት። አሮጌዎቹ መኪኖች የያዙት ዓይነት አር-134ኤን አይችለውም፤ ሊፈራርስና ዱቄቱ ቱቦውን ሊዘጋ ይችላል።

ቱቦው ላይ ደግሞ ጥሩ ዜና ነበር። የአር-134ኤ ሞለኪውል አነስ ስለሚል በአሮጌው ጎማ ውስጥ ሰርጎ እንደሚወጣ ተፈርቶ ነበር፤ ለአዲሶቹ መኪኖች በውስጣቸው የናይለን ሽፋን ያለባቸው ቱቦዎች የተሠሩትም ለዚህ ነው። መጀመሪያ የወጡት ምክሮች “ቱቦውን ሁሉ ቀይሩ” ይሉ ነበር። በተግባር ሲታይ ግን ለዓመታት የማዕድን ዘይት የጠጣው አሮጌ ጎማ ከተፈራው ያነሰ ነው ያሳለፈው። ቱቦው ያልተሰነጠቀ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባለበት ይተዋል። የመጀመሪያዎቹ መመሪያዎች የመኪናውን ኤሲ ግማሹን መቀየር የሚጠይቁና ብዙ መቶ ዶላር የሚያስወጡ ሲሆኑ፣ ከጥቂት ዓመታት ልምድ በኋላ ሥራው ቀለለ፦ የቀረውን አር-12 በማሽን መሳብ፣ የቻሉትን ያህል ዘይት ማውጣት፣ ማድረቂያውን መቀየር፣ የተነኩትን ኦሪንጎች በአዲሶቹ መተካት፣ ኤስተር መጨመር፣ አየሩን መጥጦ ማውጣትና አዲሱን ጋዝ ከቀድሞው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ መሙላት።

የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ሰው ያሳተች ናት። ኤሲው እንደ ቀድሞው ሲያላብ ካላዩ “ጋዙ አንሷል” ብለው የሚጨምሩ ነበሩ። ሲጨመር ግን ይብሳል። ዜሮ ዲግሪ ላይ የአር-134ኤ ግፊት ከአር-12 ትንሽ ያንሳል፤ 60 ዲግሪ ላይ ግን 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህ ማለት ቀዝቀዝ ባለ ቀን ምንም ልዩነት አይሰማችሁም፤ በአሪዞና በረሃ መኪናው መንገድ ተዘጋግቶበት ሲቆም ግን ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ማቀዝቀዙም ይደክማል። መፍትሔው ትልቅ ኮንደንሰር ወይም ጠንካራ ፋን ነበር። ባለመኪናው ግን ብዙ ጊዜ “አዲሱ ጋዝ የማይረባ ነው” ብሎ መሄድን መረጠ፤ አይፈረድበትም፣ ያወጣው ገንዘብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይልቅ አር-12 ፈልጎ መሙላት የሚሻል ለመሰለው ሰው ደግሞ ዋጋው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከ1990 ጀምሮ ኦዞን አፍራሽ ኬሚካሎች ላይ ልዩ ግብር ጣለ፤ መጀመሪያ በፓውንድ 1.37 ዶላር የነበረው በ1995 ወደ 5.35 ከፍ አለ። በ1992 ትንንሾቹን ቆርቆሮዎች ለማንም መሸጥ ተከለከለ፤ ለመግዛት የሙያ የምስክር ወረቀት መያዝ ግድ ሆነ። ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም በዚያው ዓመት ወንጀል ሆነ። ታዳጊ አገሮች ግን በፕሮቶኮሉ እስከ 2010 ድረስ ጊዜ ተሰጥቷቸው ስለነበር ጋዙ በሌላው ዓለም በርካሽ ይመረት ነበር፤ ሩሲያም በጊዜው አላቆመችም። አንድ ዕቃ እዚህ ውድ፣ እዚያ ርካሽ ሲሆን ምን እንደሚከተል ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በማያሚ ወደብ ከኮኬይን ቀጥሎ ትልቁ ኮንትሮባንድ አር-12 ነው ይባል ነበር። አንዱ ዘዴ አዲሱን ጋዝ “ያገለገለ፣ የተጣራ” ብሎ ማስገባት ነበር፤ ያገለገለውን ማስገባት አልተከለከለምና። ጋዙ ደግሞ አንዴ ከታሸገ አዲስም ሆነ የተጣራ መልኩ አንድ ነው።

ሦስተኛ መንገድ ያቀረቡም ነበሩ። “ምንም ሳትቀይር ዝም ብለህ ጨምርበት” የሚሉ ቅይጥ ጋዞች ገበያውን ሞሉት። አንዳንዶቹ በሚገባ የታሰበባቸው ነበሩ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ ጆርጅ ጎብል ከማዕድን ዘይት ጋር የሚሠራ ቅይጥ ፈጥሯል፤ አር-406ኤ የሚባለው ነው። (ይህ ሰው የባርቤኪው ከሰል በፈሳሽ ኦክስጅን በጥቂት ሰከንድ በማቀጣጠሉ በ1996 “ኢግ ኖቤል” የተባለውን የቀልድ ሽልማት ወስዷል።) ሌሎቹ ግን በአብዛኛው ፕሮፔንና አይሶቡቴን፣ በእኛ ቋንቋ የወጥ ቤት ሲሊንደር ጋዝ፣ ነበሩ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እነዚህን በመኪና ላይ አልቀበልም አለ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ፕሮፔን በማቀዝቀዝ ችሎታው መጥፎ ጋዝ አይደለም፤ እንዲያውም ከምርጦቹ አንዱ ነው። በ1993 ጀርመን ውስጥ የግሪንፒስ ድርጅት አንድ ሊዘጋ የደረሰ የምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካን አግዞ በእነዚህ ጋዞች የሚሠራ የቤት ፍሪጅ ለገበያ አወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ፍሪጅ ከገዛችሁ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እዩት፤ “አር-600ኤ” የሚል የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፣ ያ አይሶቡቴን ነው። ልዩነቱ ፍሪጁ ከመጀመሪያው ለሚቀጣጠል ጋዝ ታስቦ መሠራቱ፣ ጋዙም ጥቂት አስር ግራም ብቻ መሆኑ ነው። አሮጌው መኪና ግን ኢቫፖሬተሩ ከተሳፋሪው እግር ፊት ለፊት ነው፤ ሲነደፍም ማንም እሳትን አላሰበም።

የቅይጦቹ ትልቁ ጉዳት ግን እሳት አልነበረም ባይ ነኝ፤ ግራ መጋባት ነበር። አንድ መኪና ምን እንደተሞላበት ካልታወቀ፣ ቀጣዩ መካኒክ ጋዙን በማሽኑ ሲስበው የማሽኑን ታንክ ሁሉ ይበክላል፣ ከዚያ የሚሞሉት መኪኖችም ይበከላሉ። ለዚህ ነው የአር-134ኤ መሙያ አፍ ከአር-12 የተለየ እንዲሆን የተደረገው። አንዱን ማሽን በሌላው ላይ መግጠም እንዳይቻል ሆን ተብሎ ነው።

ጋዝን በስሙ ብቻ ማመን ምን እንደሚያስከትል በ2011 ታየ። የምግብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ቬትናምና ብራዚል ውስጥ ፈንድተው ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። ሲመረመር፣ “አር-134ኤ” ተብሎ የተሞላው ጋዝ ሐሰተኛ ነበር፤ በርካሽ ዋጋ ተመሳስሎ የተሠራ ቅይጥ ሆኖ በውስጡ ሜቲል ክሎራይድ ተገኘበት። አዎ፣ ያው በ1929 በቺካጎ ሰው የገደለው። ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲዋሐድ አየር ሲነካው ብቻ የሚቀጣጠል ውሕድ ይፈጠራል። የዛሬ ኮምፕሬሰሮች ደግሞ አሉሚኒየም ናቸው። ጠጋኙ ቱቦውን ሲፈታ ወይም ሞተሩን ሲያስነሣ ይፈነዳል።

አር-134ኤም ቢሆን ዘመኑ እያለፈ ነው። ኦዞንን ባይነካም ምድርን ያሞቃል፤ በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው 1,400 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል። (አር-12 ከ10,000 በላይ ነበር፤ ስለዚህ ሽግግሩ ለአየር ንብረቱም ትልቅ እፎይታ ነው።) አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ በአዲስ መኪና ላይ ከለከለችው፤ በኦክቶበር 2016 ኪጋሊ ላይ በተደረገ ስምምነትም የዓለም አገሮች ይህን ጋዝና ዘመዶቹን ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ተስማሙ። ተተኪው አር-1234ዋይኤፍ በጥቂቱ ይቀጣጠላል፣ ዋጋውም ውድ ነው። በዚህኛው ዙር አሮጌ መኪኖችን ወደ አዲሱ ጋዝ ለመቀየር ማንም ብዙ አልደከመም፤ ያሉት በአር-134ኤ እየሠሩ እስኪያረጁ ይጠበቃል። ከ1990ዎቹ ልምድ በኋላ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን የተቀላቀለችው በ1994 ነው። እንደ ታዳጊ አገር አር-12ን ለማቆም እስከ 2010 ጊዜ ነበራት። አሁን ተራው የአር-22 ነው፤ በሆቴልና በቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት አሮጌ ስፕሊት ኤሲዎች የሚጠቀሙበት። ታዳጊ አገሮች በ2025 ፍጆታቸውን ከመነሻው በ67.5 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ በ97.5 በመቶ መቀነስ አለባቸው፤ የቀረችው 2.5 በመቶ ለጥገና ብቻ ናት። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ኤሲ ለሚጠግን ሰው ይህ የሩቅ ፖለቲካ አይደለም። አር-22 ያለበት ኤሲ ላይ አር-410ኤ መሙላት አይቻልም፤ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚበልጥ ቱቦውም ኮምፕሬሰሩም አልተሠሩለትም። አር-407ሲ ይቻላል፣ ግን የማዕድን ዘይቱ ወጥቶ በኤስተር መተካት አለበት። ያለ ዘይት ለውጥ የሚሠሩ ቅይጦችም አሉ፣ ትንሽ የማቀዝቀዝ አቅም እየቀነሱ። “አር-22ኤ” በሚል ስም የሚሸጠው ደግሞ ፕሮፔን ነው፤ ስሙ ከአር-22 ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ አንድ የሚመስላቸው አሉ።

አሜሪካ ውስጥ ከአር-12 የተቀየረ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የሚታይ ሰማያዊ ወረቀት እንዲለጠፍበት በደንብ ተደንግጎ ነበር። ወረቀቱ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው፦ የተሞላው ጋዝ ስም፣ መጠኑ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ቀኑና የሠራው ሰው አድራሻ። እነዚያ መኪኖች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ከነሱ የወጣው አር-12 ግን አለ፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወዲህ በጣም በዝግታ እየወረደ ነው። በአንታርክቲካ ላይ ያለው ኦዞን ወደ 1980 ደረጃው የሚመለሰው በ2066 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።